ከስምጥ ሸለቆ እስከ ሳነቴ፤ የውኃ ዳር ወፎች ጎዳና

ከጎባ ከተማ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ በማቋረጥ ወደ ደሎ መና የሚወርደውን መንገድ የተጓዘ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከጎባ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ወጥቶ ከ4,000 ሜትር ሲያልፍ ዛፍ ይቀራል፤ ሜዳው ይሰፋል፤ በሜዳውም ላይ የክረምቱን ውኃ የቋጠሩ፣ ጥልቀት የሌላቸው ብዙ ኩሬዎች ይታያሉ። በመስከረምና በጥቅምት በነዚህ ኩሬዎች ዳር ረዘም ያለ እግርና ቀጭን መንቁር ያላቸው ወፎች ጭቃውን እየወጉ ሲለቅሙ ይገኛሉ። ራፍና ግሪንሻንክ በመባል የሚታወቁት የነዚህ ወፎች የመራቢያ አገር ሰሜን አውሮፓና ሳይቤሪያ ነው። ይህን ያህል ምድር አቋርጠው ከዚህ የሚያርፉት ለምንድን ነው? ጥያቄው የወፍ ጥያቄ ቢመስልም፣ በመሠረቱ የመልክዐ ምድርና የውኃ ጥያቄ ነው።

የሰው ልጅ ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ ማግኘት የጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ኢትዮጵያን ጎብኝቶ ብዙ ወፎችን ለሳይንስ አስተዋውቋል። በ1899 ዴንማርካዊው መምህር ሐንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን ቁጥርና አድራሻ ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት በወፍ እግር ላይ ማሰር ከጀመረ ወዲህ የፍልሰት መንገድ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይታወቅ ጀመር። በአገራችንም የዱር አራዊትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1966 ተቋቋመ፤ ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝር በ1971 በአዲስ አበባ ታትሞ ወጣ። የባሌን ከፍተኛ ቦታዎች በ1960ዎቹ ተዘዋውሮ የተመለከተውና ሥፍራው ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበውም ይኸው ብራውን ነበር።

በእነዚህ ዓመታት ከተሰበሰበው ዕውቀት አንድ ዐቢይ ልዩነት ጎልቶ ወጣ። እንደ ንስርና እንደ ሽመላ ያሉ ሰፊ ክንፍ ያላቸው ወፎች የሚጓዙት ፀሐይ ካሞቀችው ምድር ሽቅብ በሚነሣው አየር ላይ ተንሳፍፈው ነው። ይህ አየር በባሕር ላይ ስለማይገኝ ጠባብ መሻገሪያ መፈለግ ግድ ይሆንባቸዋል። ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው በባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ በ1987 መጸው ከ76,000 በላይ አዳኝ ወፎች ሲሻገሩ የተቈጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። የውኃ ዳር ወፍ ግን ክንፉን ሳያቋርጥ እየመታ የሚበር ስለሆነ ባሕርም ሆነ በረሃ አያግደውም። በ2007 የሳተላይት መሣሪያ የተገጠመላት አንዲት የዚህ ወገን ወፍ ከአላስካ ተነሥታ ያለ ዕረፍት ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ በመብረር ኒውዚላንድ ደርሳለች።

እንግዲህ ለእነዚህ ወፎች መንገዱን የሚወስነው መሻገሪያው ሳይሆን ማረፊያው ነው። ከረጅሙ በረራ በፊት የሰበሰቡት ስብ የጉዞው ነዳጅ ነው፤ ነዳጁ ባለቀበት ሥፍራ ጥልቀት የሌለው ውኃና ምግብ የሞላበት ጭቃ ማግኘት አለባቸው። ሰሐራንና የዓረብን በረሃ ተሻግሮ ለሚመጣው ወፍ የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ይህን ያቀርብለታል፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታ፣ ሻላ፣ አዋሳ፣ አባያና ጫሞ ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደ መንገድ ዳር ጣቢያ ተሰልፈው ይገኛሉና።

ይሁን እንጂ ሐይቅ ሁሉ ለወፍ እኩል አይደለም። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ ዳርቻውም በብዙ ቦታ ገደል የሆነ ሐይቅ ነው፤ ጎረቤቱ አቢጃታ ግን ዝርግና ጥልቀት የሌለው ነው። ነገሩ በቀላል ስሌት ይገለጻል። ዳርቻው በ1,000 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ የውኃው ወለል 10 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ 100 ሜትር ስፋት ያለው ጭቃ ይገለጣል። ለወፉ ገበታ የሚሆነው ይህ ነው። ነገር ግን ይኸው ስሌት በተቃራኒውም ይሠራል፤ ዝርግ ሐይቅ ጥቂት ውኃ ሲጎድልበት ብዙ ስፋት ያጣል።

የሳነቴ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይለያል። በበረዶ ዘመን የባሌ ተራሮች ራስ በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር። በረዶው ምድሩን እየፋቀ ጎድጓዶችን ትቶ አለፈ፤ ገርባ ጉራቻ የተባለው ሐይቅ ከዚህ የተወለደ ነው። ዛሬ በጎድጓዶቹ የዝናብ ውኃ ይጠራቀማል። ሰሜኑ ምድር በውርጭ መያዝ ሲጀምር የሳነቴ ኩሬዎች ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ሞልተው የሚገኙ በመሆናቸው የሁለቱ አገሮች ወቅት ተገጣጠመ። በበጋው ወራት ግን ኩሬዎቹ ይሸሻሉ፤ ሌሊቱም ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል።

በዚሁ አምባ ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም በሌላ ሥፍራ የማይገኝ፣ ጥቁር ራስና ደረቱ ላይ ነጠብጣብ ያለው የውኃ ዳር ወፍ ይኖራል። ሩፔል በ1845 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ይህ ወፍ አገር ለቆ አይሄድም፤ ከመራቢያው ወቅት በኋላ በመንጋ ተሰብስቦ በደጋው ውስጥ ብቻ ይዘዋወራል። መንገደኛው አንድ ጣቢያ ቢጎድልበት ሌላ ይፈልግ ይሆናል፤ ይህ ባላገር ግን የደጋው ረግረግ ከጠፋ የሚሄድበት የለውም።

ጣቢያ ሲጎድል ምን እንደሚከተል አቢጃታ አሳይቷል። ሐይቁ የሚመገበው ከዝዋይ በሚወርደው በቡልቡላ ወንዝና ከላንጋኖ በሚመጣው በሆራ ቀሎ ነው። ከላይ ለመስኖ የሚጠለፈው ውኃ እየበዛ ሄደ፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ለሶዳ አሽ ምርት ከራሱ ከሐይቁ ውኃ ይሳብ ጀመር። ከ1970ዎቹ ወዲህ የሐይቁ ስፋት በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ጨዋማነቱ ጨመረ፤ ዓሣው አለቀ። በሻላ ደሴት እየተራቡ ለምግብ ወደ አቢጃታ ይመላለሱ የነበሩት ታላላቅ ይብራዎች፣ ፔሊካን የሚባሉት፣ የምግብ ቤታቸው ተዘጋባቸው። እያንዳንዱ የውኃ ሥራ በየፊናው ጠቃሚ ነበር፤ የጎደለው ሁሉንም በአንድነት የሚያይ ሒሳብ ነው።

ባሌ ይህን ሒሳብ አስቀድሞ ለመሥራት ዕድል አለው። በ1970 የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚሁ ተራራ የሚነሣው የወይብ ወንዝ በሶፍ ዑመር ዋሻ አልፎ ወደ ገናሌ ይገባል፤ የተራራው ውኃ እስከ ሶማሊያ ቆላ ድረስ ለሰውና ለከብት ሕይወት ነው። በሮቤና በሲናና ሜዳ የስንዴ እርሻ ይስፋፋል፤ መንገድ ይሠራል፤ ቦይ ይቆፈራል። ይህም ተገቢ ነው፤ ሕዝቡ እንጀራና መንገድ ያስፈልገዋልና። ሆኖም ረግረግን ባዶ መሬት አድርጎ የሚቆጥር ንድፍ የተሳሳተ ንድፍ ነው። ረግረግ በክረምት ውኃ ተቀብሎ በበጋ ቀስ እያለ የሚለቅ፣ ማንም ያልገነባው ግድብ ነው። መሐንዲሱ ቱቦ ከመቅበሩና ቦይ ከመክፈቱ በፊት ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ በየትኛው ወርስ ማን እንደሚጠጣው ቢጠይቅ ሙያው የሚጠይቀውን ፈጸመ እንጂ ለወፍ አላደላም። በመስከረም ከሳነቴ ኩሬ ዳር የሚያርፈው መንገደኛ ውኃው በቦታው መኖሩን ከማንኛውም መለኪያ ቀድሞ የሚመሰክር ነው።