ያልተሠራው አራተኛ ክፍል፦ የአንደሉስ ድራማዎች ምን ትተውልን ሄዱ?



እ.ኤ.አ. በ2002፣ በ2003 እና በ2005 ሦስት የሶሪያ ተከታታይ ድራማዎች በረመዳን ወር በዐረብ ቴሌቪዥኖች ታዩ፤ «ሰቅር ቁረይሽ»፣ «ረቢዕ ቁርጡባ» እና «ሙሉክ አጥ-ጠዋኢፍ»። የሦስቱም ጉዳይ አንደሉስ ነው፤ ዛሬ ስፔንና ፖርቱጋል በምንላቸው አገሮች የነበረው የሙስሊሞች መንግሥት። ጽሑፉ የዶክተር ወሊድ ሰይፍ፣ ዳይሬክተሩ ሓቲም ዐሊ ነበሩ። ብዙዎቻችን ሁለቱን የምናውቃቸው በ2012 በወጣው «ዑመር» ድራማ ነው። የአንደሉስ ሥራቸው በአራተኛ ክፍል፣ በገርናጣ መውደቅ፣ እንዲያልቅ ታስቦ ነበር። ያ ክፍል ግን ሳይሠራ ቀረ።

ሦስት ወቅት ብቻ ታይቶ የተቋረጠ ሥራ ከሃያ ዓመት በኋላም ቁርጥራጩ በዩቲዩብ እየተቀባበለ ይታያል። ለምን? በእኛ እይታ ምክንያቱ ተመልካቹን አለመሸንገሉ ነው። የድራማን ሑክም ለዑለሞች ትተን ታሪኩን እንመልከት።

የመጀመሪያው የዐብዱረሕማን አድ-ዳኺል ታሪክ ነው። በ750 ዐባሲዮች ሥልጣን ይዘው የኡመያን ቤተሰብ ሲያሳድዱ ይህ ወጣት የኤፍራጥስን ወንዝ ዋኝቶ አመለጠ። ታናሽ ወንድሙ ግን ተይዞ ተገደለ። ከዓመታት ስደት በኋላ በ755 ባሕሩን ተሻግሮ አንደሉስ ገባ፤ በዓመቱ ቁርጡባን ይዞ መንግሥት መሠረተ። ይህ ሁሉም ሰው መስማት የሚወደው ክፍል ነው። ቀጣዩ ግን ይመራል። በስደቱ ሁሉ አብሮት የተንከራተተውን ታማኙን በድርን ሳይቀር በኋላ ከራሱ እንዳራቀው የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

ሁለተኛው የሙሐመድ ኢብን አቢ ዓሚር ነው። በቁርጡባ ለሰዎች አቤቱታ ከመጻፍ ተነሥቶ የአገሪቱ እውነተኛ ገዥ ሆነ። ኸሊፋው ሁለተኛው ሂሻም ገና ልጅ ነበር፤ ስሙ ለእሱ፣ ሥልጣኑ ለኢብን አቢ ዓሚር። ከሃምሳ በላይ ዘመቻ መርቷል፤ አል-መንሱር ተብሏል። ነገር ግን መሰላል የሆኑለትን ሰዎች፣ አል-ሙስሐፊንም ጋሊብንም፣ አንድ በአንድ ጥሎ ነው የወጣው። በ1002 ሲሞት ጠንካራ ጦር ተወ፤ እሱን የሚተካ ሥርዓት ግን አልነበረም። ሰላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1031፣ የቁርጡባ ኺላፋ ፈረሰ።

ሦስተኛው ከፍርስራሹ የበቀሉት የትናንሽ ነገሥታት ዘመን ነው። እያንዳንዱ ከተማ ንጉሥ አለው፤ ንጉሡ ግን ወንድሙን ስለሚፈራ ለካስቲያው አልፎንሶ ስድስተኛ ግብር ይከፍላል። የኢሽቢሊያው አል-ሙዕተሚድ ታላቅ ገጣሚ ነበር፤ እሱም ከፍሏል። በ1085 ጡለይጢላ ስትወድቅ ሁሉም ደነገጡ፤ ከሞሮኮ ዩሱፍ ኢብን ታሽፊንን ጠሩ። በ1086 በዘላቃ ድል ተገኘ። ድሉ ግን ነገሥታቱን አላስታረቃቸውም። በመጨረሻ ኢብን ታሽፊን ራሱ መንግሥታቸውን ጠቀለለ፤ አል-ሙዕተሚድ በማራካሽ አጠገብ በምትገኘው አግማት ታስሮ በ1095 ሞተ።

እንግዲህ ገርናጣ የወደቀችው በ1492 ነው። ከዘላቃ በኋላ አራት መቶ ዓመት ያህል አልፏል። ታዲያ የሦስተኛውን ድራማ መጨረሻ ያየ ሰው የአራተኛውን ፍጻሜ መገመት ያቅተዋልን? በሽታው ቀድሞ በግልጽ ታይቷል፤ 1492 የቀብሩ ቀን ነው።

ይህን የጻፉትና የሠሩት ሰዎች መሬት ማጣትን ከመጽሐፍ ብቻ የተማሩ አልነበሩም። ወሊድ ሰይፍ በ1948 በፍልስጤም ቱልከረም የተወለዱ ናቸው። ሓቲም ዐሊ በ1962 በጎላን ተወልደው በ1967ቱ ጦርነት ገና በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ተፈናቅለዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው የአንደሉስ ድራማ መካከል፣ በ2004፣ ስለ ፍልስጤማውያን መፈናቀል «አት-ተግሪባ አል-ፊለስጢኒያ»ን አብረው ሠርተዋል። የሰው እጅ ላይ ያለውን ቁስል የሚያውቅ ሰው ስለ አንደሉስ ሲናገር ከማልቀስ ይልቅ «እንዴት ደረሰብን?» ብሎ ይጠይቃል። ሓቲም ዐሊ በታኅሣሥ 2020 መጨረሻ ካይሮ ውስጥ ሕይወታቸው ሲያልፍ አራተኛው ክፍል አብሮ ተቀበረ ማለት ይቻላል።

ወደ እኛ እንምጣ። ዛሬ በየስልካችን የሚደርሰን የሦስት ደቂቃ ቁራጭ ነው። ፈረሱና ሰይፉ አለ፤ ግብሩ፣ ቅናቱ፣ የወንድማማቾች ጥል ተቆርጦ ወጥቷል። በዚያ ቁራጭ ያደገ ወጣት ሁለት ነገር ይለምዳል፤ አንድ ጀግና ቁጭ ብሎ መጠበቅና ለውድቀቱ ሁሉ ሌላውን መውቀስ። በመስጂድ ጀመዓ፣ በማኅበር፣ በንግድ ሽርክና ውስጥ ትንሽ ነገር ሲያጣላን የአንደሉስን ነገሥታት የምናስታውሰው ስንቶቻችን ነን? እነሱም እያንዳንዳቸው እውነቱ ከእኔ ጋር ነው ይሉ ነበር።

ስለዚህ ድራማውን ያየ ሰው እዚያ አይቁም። ዐረብኛ የሚችል የአል-መቀሪን «ነፍሑ ጢብ» እና የኢብን ዒዛሪን «አል-በያን አል-ሙግሪብ» ይግለጥ። የማይችል ከሚችል ጋር ቁጭ ብሎ ያስነብብ፤ በሳምንት አንድ ምሽት ይበቃል። ሲያነብም የድሉን ገጽ ብቻ መርጦ አይዝለል።

ወላሁ አዕለም።