የቀጠነ መርዝ፦ የሚናማታ ፍሳሽ ታሪክና የሐኪሙ ምስክርነት

የፋብሪካ ፍሳሽ ቀኑን ሙሉ በአንድ ዓይነት መጠንና ይዘት አይወጣም። በአንዱ ሰዓት አሲድ፣ በሌላው አልካሊ ይበዛበታል፤ ዕቃ በሚታጠብበት ጊዜ ይጎርፋል፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል። ይህን መዋዠቅ ለማርገብ ፍሳሹ በቅድሚያ በማመጣጠኛ ገንዳ ተጠራቅሞ ይደባለቅና በቋሚ መጠን ወደ ማጣሪያው ይለቀቃል። ዘዴው ቆሻሻን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ከድንገተኛ መመረዝ ይጠብቃል፤ አሲድና አልካሊውም በከፊል እርስ በርስ እንዲተጣፉ ያደርጋል።

ይሁን እንጂ የማይበሰብስ መርዝ ሲያጋጥም ማመጣጠንም ሆነ ማቅጠን ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። 100 ግራም ሜርኩሪ በ1 ሜትር ኩብ ፈንታ በ1,000 ሜትር ኩብ ውኃ ቢሟሟ፣ በአንድ ሊትር የሚገኘው መጠን ከ100 ሚሊግራም ወደ 0.1 ሚሊግራም ይወርዳል፤ ወደ ባሕር የሚገባው ግን ያው 100 ግራም ነው። ይህን ቀላል ስሌት ችላ ማለት የሚያስከትለውን ጉዳት የሚናማታ ታሪክ በግልጽ ያሳያል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ሚናማታ በጃፓን ኪዩሹ ደሴት፣ በሺራኑዪ ባሕር ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። በከተማዋ የነበረው የቺሶ ኩባንያ ፋብሪካ በ1932 አሴታልዲሃይድ ማምረት ጀመረ። ለምርቱ ሜርኩሪን በካታሊስትነት ይጠቀም ስለነበር፣ በሂደቱ የሚፈጠረው ሜቲል ሜርኩሪ ከፍሳሹ ጋር ወደ ባሕር ወሽመጡ ይወርድ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዓሣ አጥማጆች መንደሮች ድመቶች እየተንቀጠቀጡና እየተወራጩ መሞት ጀመሩ። በሚያዝያ 1956 መራመድና መናገር የተሳናት አንዲት የአምስት ዓመት ሕፃን በኩባንያው ሆስፒታል ተኛች፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም እኅቷ ተከተለቻት። የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ሐጂሜ ሆሶካዋ ምንነቱ ያልታወቀ የነርቭ ሥርዓት በሽታ መከሰቱን ግንቦት 1 ቀን 1956 ለአካባቢው ጤና ጣቢያ አስታወቁ።

የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሕሙማኑ ላይ ያዩት የእይታ አድማስ መጥበብ፣ የአካል እንቅስቃሴ ቅንጅት መታወክ፣ የአንደበት መተሳሰርና የእጅ እግር መደንዘዝ ነበር። ሃንተርና ባልደረቦቹ በ1940 በእንግሊዝ አገር በሜቲል ሜርኩሪ በተመረዙ የፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የገለጹትም ይህንኑ ነበር። ተመራማሪዎቹ በሐምሌ 1959 የበሽታው መንስኤ ኦርጋኒክ ሜርኩሪ መሆኑን ይፋ አደረጉ።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 1958፣ ኩባንያው የአሴታልዲሃይዱን ፍሳሽ መውጫ ከወሽመጡ ወደ ሚናማታ ወንዝ አፍ አዛውሮት ነበር። ፍሳሹ በወንዙና በሰፊው ባሕር ውኃ እየቀጠነ ሄደ፤ በሽታው ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም በ1959 በወንዙ አፍና ከዚያ ርቀው በሚገኙ ዳርቻዎች አዳዲስ ሕሙማን ተገኙ። ምክንያቱ ሥነ ሕይወታዊ ነው። ሜቲል ሜርኩሪ ከደቂቅ ተክሎች ወደ ትናንሽ እንስሳት፣ ከእነሱም ወደ ዓሣ ሲሸጋገር በየደረጃው እየተከማቸ፣ በትላልቅ ዓሦች አካል ውስጥ በውኃው ካለው መጠን እስከ ሚሊዮን እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ውኃ ያቀጠነውን የምግብ ሰንሰለቱ መልሶ ያጠራቅመዋል ማለት ነው። በሰው አካልም ደምንና አንጎልን የሚለየውን መከላከያ ያልፋል፤ በእንግዴ ልጅ በኩልም ወደ ፅንስ ይደርሳል። በሚናማታ ከማኅፀን ጀምሮ የተጎዱ ሕፃናት መኖራቸው በ1962 በይፋ ታወቀ።

ዶክተር ሆሶካዋ በበኩላቸው የፋብሪካውን ፍሳሽ ከምግብ ጋር እየቀላቀሉ ለድመቶች በመስጠት ሙከራ ያካሂዱ ነበር። ቁጥር 400 ተብላ የተመዘገበችው ድመት በጥቅምት 1959 የበሽታውን ምልክቶች አሳየች። ኩባንያው ግን ውጤቱ ይፋ እንዳይሆን አደረገ፤ ሙከራውንም አስቆመ። የኩባንያው ተቀጣሪ የነበሩት ሐኪምም ዝም አሉ።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሳይክሌተር የተባለ የፍሳሽ ማጣሪያ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንትም የተጣራ ነው የተባለውን ውኃ በእንግዶች ፊት ጠጡ። መሣሪያው ድፍርስ ውኃን ማጥራት ቢችልም የሟሟ ሜቲል ሜርኩሪን ለማስወገድ ታስቦ የተሠራ አልነበረም። ሕዝቡ ግን ችግሩ እንደተወገደ አመነ። በዚሁ ወር መጨረሻ ሕሙማኑ አነስተኛ የማጽናኛ ገንዘብ ተቀብለው፣ ወደፊት ጥፋቱ የፋብሪካው መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ ተጨማሪ ካሣ እንዳይጠይቁ የሚያግድ ውል ፈረሙ። ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ የቆመው አሴታልዲሃይድ ማምረቱ በ1968 ሲቋረጥ ነው። በመካከሉ፣ በ1965፣ ተመሳሳይ በሽታ በሌላ ኩባንያ ፍሳሽ ምክንያት በኒጋታ ተከስቷል።

የጃፓን መንግሥት የበሽታውን መንስኤ በይፋ ያመነው በመስከረም 1968 ነበር። ዶክተር ሆሶካዋ በ1970 በሳንባ ካንሰር ታመው በተኙበት አልጋ ላይ ስለ ቁጥር 400 ድመት ለፍርድ ቤት መሰከሩ፤ በዚያው ዓመትም አረፉ። የኩማሞቶ አውራጃ ፍርድ ቤት በመጋቢት 1973 ኩባንያውን ጥፋተኛ አድርጎ የ1959ኙን ውል ውድቅ አደረገ። በሚናማታ በሽታ ሕመምተኛነት በሕግ የታወቁት በኩማሞቶና በአጎራባቿ ካጎሺማ ብቻ ከ2,200 በላይ ናቸው። የከተማዋን ስም የያዘው ዓለም አቀፍ የሜርኩሪ ስምምነት በ2013 ጸድቆ ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል።

ከዚህ ታሪክ ለሕክምና ባለሙያ የሚተርፈው ቁም ነገር ሁለት ነው። አንደኛው፣ የአንድ ፍሳሽ አደገኝነት በቱቦው አፍ በሚለካው መጠን ብቻ እንደማይመዘን ነው። በዓመት የሚለቀቀው ጠቅላላ ክብደት፣ የመርዙ ዕድሜና በመጨረሻ የሚከማችበት ቦታ አብረው መታወቅ አለባቸው። ሁለተኛው የሐኪሙ ግዴታ ነው። ዶክተር ሆሶካዋ በ1956 ፈጥነው በማስታወቃቸው በሽታው ሊታወቅ ችሏል፤ በ1959 የተደበቀው የሙከራቸው ውጤት ግን ፍርድ ቤት እስኪደርስ ከ10 ዓመት በላይ ወስዷል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚናማታ ሰዎች ዓሣውን መመገባቸውን አላቆሙም ነበር።