ጨዋታ ሰው ይፈልጋል፦ ኮምፒውተር ቦርሳ ውስጥ የገባበት ታሪክ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ምክንያት የሆነኝ የአባቴ ጋቢ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት በሐምሌ ወር፣ አምስት ጓደኛሞች እዚሁ ሮቫ ዩድ ቤት አንዳችን ቤት ተሰብስበን፣ ኮምፒውተሮቻችንን በገመድ አገናኝተን ስንጫወት ልናመሽ ተቀጣጠርን። የእኔ ኮምፒውተር ሁለት ዕረፍት ሠርቼ ባጠራቀምኩት ገንዘብ ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝቼ የገጣጠምኩት ነበር። ትልቅ ነው፣ ከባድ ነው፣ ጎኑ መስታወት ነው። አባቴ ሲያዩት «ይሄ እኮ ሙክት ያህላል!» አሉና፣ እንዳይጋጭ በጋቢያቸው ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመው አራት ፎቅ ወረዱ። ጓደኛዬ ቤትም ሦስት ፎቅ ወጡ።

ሰካነው፤ ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ። ስንከፍተው ከሁሉ ውድ የሆነው ግራፊክስ ካርድ በራሱ ክብደት ተንጋዶ፣ የተሰካበትን ቦታ ሰብሮታል። የዚያን ዕለት ማታ አራቱ ሲጫወቱ እኔ ከኋላቸው ቆሜ አየሁ። አባቴ በጣም አዘኑ። ጥፋቱ ግን የእሳቸው አልነበረም። ያ ሣጥን የተሠራው ከጠረጴዛ ሥር ሊቀመጥ እንጂ ሊጓዝ አይደለም።

ቤት ስመለስ አያቴ ነገሩን ሰምተው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ታዲያ ከእንግዲህ በርህን ዘግተህ ብቻህን ልትጫወት ነው? ብቻውን ሆኖ የሚጫወት ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ይህ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እውነትም በአማርኛ «ጨዋታ» ስንል ኳስና ገበጣ ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ወሬውም፣ ቡና ላይ መሰብሰቡም ጨዋታ ነው። «እስቲ ተጫወቱ» የሚባለው ለእንግዳ ነው። ገበጣን ተመልከቱ። መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር መልቀም ይበቃል፤ የሚሸከሙት ነገር የለም፤ የሚያስፈልገው ፊት ለፊት የሚቀመጥ ሰው ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከ100 በላይ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግበዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮምፒውተርስ? ታሪኩን ሳነብ የገረመኝ፣ ኮምፒውተርን ለማሳነስ ከተደረገው ጥረት ብዙው ሰው ተሸክሞት ወደ ሌላ ሰው ዘንድ እንዲሄድ ታስቦ የተደረገ መሆኑ ነው። የዚያ ታሪክ አንዱ ክፍል ደግሞ እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ ከአሽዶድ ብዙም ሳይርቅ የተሠራ ነው።

እንደ ሻንጣ የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ

በ1981 አዳም ኦስቦርን የተባለ ሰው አሜሪካ ውስጥ «ኦስቦርን 1» የተባለውን ኮምፒውተር ለገበያ አቀረበ። ዋጋው 1,795 ዶላር፣ ክብደቱ ወደ 11 ኪሎ፣ ስክሪኑ ደግሞ 5 ኢንች ብቻ ነበር፤ ዛሬ በኪሳችን ከያዝነው ስልክ ያንሳል። ባትሪ የለውም፤ የትም ቢወስዱት ግድግዳ ላይ መሰካት አለበት። ቢሆንም ክዳኑ ተዘግቶ፣ መያዣ ጆሮ ኖሮት፣ አውሮፕላን ወንበር ሥር እንዲገባ ሆኖ ስለተሠራ ሰው ወደደው።

ከዚያ በ1983 ኮምፓክ የተባለው ኩባንያ የራሱን ተሸካሚ ኮምፒውተር መሸጥ ጀመረ። ይሄኛው 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ዋጋውም ወደ 3,000 ዶላር ነበር። ግን ለአይቢኤም ኮምፒውተር የተጻፈውን ፕሮግራም ሁሉ ማሠራት ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ50,000 በላይ ተሸጠ።

የአይቢኤምም የኮምፓክም ልብ 8088 የሚባል ፕሮሰሰር ነበር። የዚህ ቺፕ ንድፍ የተሠራው ሐይፋ ነው። ኢንቴል በ1974 ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያውን የልማት ማዕከሉን እዚያ ሲከፍት ሠራተኞቹ አምስት ብቻ ነበሩ። ለመከፈቱ ምክንያት የሆኑት ዶቭ ፍሮማን፣ መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ፣ በብርሃን ግን ተሰርዞ እንደገና ሊጻፍበት የሚችለውን ሜሞሪ የፈለሰፉት መሐንዲስ ናቸው። ወደ እስራኤል ከመመለሳቸው በፊት አፍሪካ ወርደው ጋና ውስጥ በኩማሲ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል።

ልጆች ኮምፒውተር ተሸክመው የወጡበት ዘመን

ታኅሣሥ 1993 «ዱም» የተባለው ጌም ወጣ። አዲስ ያደረገው ነገር እስከ አራት ሰው ድረስ ኮምፒውተራቸውን በኔትወርክ ገመድ አገናኝተው በአንድ ዓለም ውስጥ መጫወት መቻላቸው ነው። በ1996 ደግሞ «ኩዌክ» ተከተለ። ያኔ የቤት ኢንተርኔት በስልክ መስመር የሚሄድና ቀርፋፋ ስለነበር፣ በደንብ ለመጫወት ያለው መንገድ አንድ ክፍል ውስጥ መሰብሰብ ነበር።

ስለዚህ ልጆች ኮምፒውተራቸውን አንስተው ወጡ። ስዊድን ውስጥ ማሉንግ በምትባል ትንሽ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የተጀመረው ስብሰባ «ድሪምሃክ» ተብሎ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች የሚመጡበት ሆነ። አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥም በ1996 «ኩዌክኮን» ተጀመረ። ነገር ግን የዚያ ዘመን ሞኒተር በመስታወት ቱቦ የሚሠራ ነበር፤ ባለ 19 ኢንቹ ብቻውን 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። በዚያ ላይ ሣጥኑ፣ ኪቦርዱ፣ ገመዱ። የእኔ አባት ያዩትን መከራ የስዊድን አባቶች ቀደም ብለው አይተውታል ማለት ነው።

ማዘርቦርድ ሲያንስ

ለምን ትልቅ ሆነ? ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ማዘርቦርድ ትልቅ ስለነበር ነው። ኢንቴል በ1995 ያወጣውና እስካሁን የምንጠቀምበት ኤቲኤክስ የሚባለው መጠን 30.5 በ24.4 ሴንቲ ሜትር ነው። በ2001 ሁለት ነገሮች ተከሰቱ። የታይዋኑ ሻትል ትንሽ የአሉሚኒየም ሣጥን ውስጥ የሚገባ ኮምፒውተር አወጣ። ቪያ የተባለው ሌላው የታይዋን ኩባንያ ደግሞ ሚኒ አይቲኤክስ የተባለውን 17 በ17 ሴንቲ ሜትር ማዘርቦርድ አስተዋወቀ፤ ስፋቱ ከቀድሞው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ዛሬ አነስተኛ የጌም ኮምፒውተር የሚገጣጥም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ይህንኑ መጠን ነው።

ችግሩ ሙቀት ነበር። ትንሽ ሣጥን ውስጥ አየር አይዘዋወርም። በዚያን ጊዜ ደግሞ የፕሮሰሰር ውድድር በጊጋኸርትዝ ነበር፤ ማን ይበልጥ ይፈጥናል ሲባል አንዳንዱ ፔንቲየም 4 ከ100 ዋት በላይ ይበላ ነበር። ይህን በትንሽ ሣጥን ውስጥ መዝጋት ምድጃ ላይ ድስት ከድኖ እንደ መርሳት ነው።

መፍትሔው በአብዛኛው ከሐይፋ መጣ። የሐይፋ መሐንዲሶች «ፍጥነቱን ብቻ አናሳድድ፤ በእያንዳንዱ ምት ብዙ ሥራ ይሥራ፣ ኤሌክትሪኩን ግን ይቆጥብ» በሚል ሐሳብ ሠሩ። በ2003 ለላፕቶፕ ያወጡት ፔንቲየም ኤም፣ የውስጥ ስሙ በሰሜን ባለው ምንጭ «ባንያስ» የተባለው፣ ወደ 25 ዋት ነበር የሚበላው። በ2006 የዚሁ ሐሳብ ልጅ የሆነው ኮር 2 ዱዎ ለዴስክቶፕም ወጣ፤ ኢንቴልም የፔንቲየም 4ን መንገድ ተወ። በ2011 ደግሞ ሐይፋ የተነደፈው ሳንዲ ብሪጅ ፕሮሰሰሩንና ግራፊክሱን አንድ ቺፕ ላይ አደረገ። የመጀመሪያ ስሙ በዕብራይስጥ «ጌሼር» ነበር፤ ድልድይ ማለት ነው።

ብዙዎቻችን ዘመድ የምንጠይቅባት ቂርያት ጋትስ? ከአሽዶድ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ናት። የኢንቴል ፋብሪካ እዚያ ሥራ የጀመረው በ1999 ነው፤ በ2008 ደግሞ ፋብ 28 የተባለው አዲሱ ፋብሪካ ተከፈተ። አንዳንዱ በጀርባችን የምንሸከመው ኮምፒውተር ቺፑ ከዚያው ወጥቶ ዓለምን ዞሮ የተመለሰ ሊሆን ይችላል።

ርካሽ የሆነበት ዘመን

ማነሱ አንድ ነገር ነው፤ ዋጋው ሌላ። በ2016 ዳን ኤ4 የተባለው ሣጥን ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ ተመረተ። 7.2 ሊትር ብቻ ሆኖ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ይይዛል፤ ግን ውድ ነው። ለእንደኛ ዓይነቱ ተማሪ በር የከፈተው በየካቲት 2018 ኤኤምዲ ያወጣው ራይዘን 3 2200ጂ ነው ብል አላጋነንኩም። በ99 ዶላር ፕሮሰሰርም፣ ቀላል ጌሞችን የሚያጫውት ግራፊክስም በአንድ ቺፕ። በ2019 ይህን ቺፕ የሚቀበል፣ ከ2 ሊትር ያነሰ ባዶ ሣጥን ከነማዘርቦርዱ ገበያ ላይ ዋለ። በ2022 ደግሞ ስቲም ዴክ በ399 ዶላር ወጣ፤ ስክሪኑም ባትሪውም አብሮት በእጅ የሚያዝ ኮምፒውተር ነው።

እኛስ ከዚህ ምን እንውሰድ?

እኔ ያ ካርድ ከተሰበረ በኋላ ሁለተኛውን ስገጣጥም የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የምትጫወቱትን ጌም ቁጠሩ። ኳስም ሆነ ከጓደኛ ጋር የሚጫወቱት ብዙው ጌም ግራፊክሱ አብሮት ባለ ፕሮሰሰር ይሠራል። እንዲህ ከሆነ ራሙን አንድ ትልቅ ሳይሆን ሁለት እኩል አድርጋችሁ ግዙ። ግራፊክሱ የሚጠቀመው ከዚያው ራም ስለሆነ በሁለት መንገድ ሲቀዳ ጌሙ ጎላ ብሎ ይፈጥናል።

ሁለተኛ፣ ድርጅቶች ጥቂት ዓመት ተጠቅመው የሚሸጧቸውን ትንንሽ የቢሮ ኮምፒውተሮች አትናቁ። ግራፊክስ ካርድ የሚገባበት ቦታ ካለው፣ አጭርና ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ፈልጉ። ማዘርቦርዱ በዚያ ቀዳዳ በኩል መስጠት የሚችለው እስከ 75 ዋት ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ካርድ አትግዙ። ከመክፈላችሁ በፊት ሣጥኑን ከፍታችሁ ቦታውን በማስመሪያ ለኩ፤ ፓወር ሳፕላዩም ስንት ዋት እንደሆነ አንብቡ።

ሦስተኛ፣ ሃርድ ዲስክ ተዉና ኤስኤስዲ ይሁን። ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው መንገድ ላይ ቢንገጫገጭ አይጎዳም።

አራተኛ፣ ከባድ ግራፊክስ ካርድ ካላችሁ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ንቀሉት። አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው። እኔ አምስት ደቂቃ ቆጥቤ የሁለት ዕረፍት ድካም አጣሁ።

ለእናቶችና ለአባቶችም አንድ ቃል አለኝ። ልጅዎ ኮምፒውተር ግዙልኝ ሲል «ስንት ነው?» ብለው መጠየቅዎ ትክክል ነው። ግን «ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» ብለውም ይጠይቁት። በር ዘግቶ ከማያውቀው ሰው ጋር እስከ ንጋት ከሚጫወት፣ ትንሿን ሣጥን በቦርሳ ይዞ ከጎረቤት ልጆች ጋር ቢሰበሰብ ይሻላል። ቤትዎ ቢመጡም ጫጫታውን ይቻሉት፤ ቢያንስ የት እንዳለ ያውቃሉ። መብራቱ የሚያብረቀርቀው ትልቁ ኮምፒውተር የግድ የተሻለ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከፍለው የሚወስዱት መብራቱን ነው።

የእኔ አዲሷ ኮምፒውተር ከትምህርት ቤት ቦርሳ ጋር ትገባለች፤ ከዳቦ ብዙም አትበልጥም። ባለፈው እኛ ቤት ስንሰበሰብ ሰባት ልጆች መጡ። አያቴ ከውስጥ ሆነው ጩኸቱን ሰሙና፣ ምን እንደተፈጠረ ሊያዩ ወጡ። ስክሪኑን አይተው ምንም አልገባቸውም፤ ልጆቹን ግን አንድ በአንድ የማን ልጅ እንደሆኑ ጠየቁ። ከዚያ «በሉ ተጫወቱ» ብለው ዳቦ ሊቆርሱልን ገቡ።

አባቴም ጋቢያቸውን መልሰው ለብሰዋል።