ስመ ስውር ቅምሻ፦ ማሩ ይቅደም፣ ስሙ ይከተል

ስመ ስውር ቅምሻ በእንግሊዝኛ «ብላይንድ ቴስቲንግ» የሚባለው አሠራር ነው። ቀማሹ የቀረበለት ነገር የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ስንት እንደሚሸጥ ሳያውቅ ቀምሶ ይፈርዳል። የሲጋር አዋቂዎች የአምራቹን ስም የያዘችውን የወረቀት ቀለበት አውልቀው፣ የወይን ጠጅ አዋቂዎች ደግሞ ጠርሙሱን በጨርቅ ሸፍነው ያደርጉታል። «የዕውር ቅምሻ» ማለት ነውርም ስሕተትም ነው፤ ቀማሹ ዓይኑ ያያል። «ስውር ቅምሻ» ብቻ ቢባል ደግሞ ቅምሻው በድብቅ የተደረገ ይመስላል። የተሰወረው ስሙ ስለሆነ፣ በ«ስመ ጥር» አምሳያ «ስመ ስውር» ማለት ይቀላል።

ቅምሻ ራሱ ለእኛ አዲስ አይደለም። ጠጅ አሳላፊ ለእንግዳ ከመቅዳቱ በፊት ጥቂት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ያ ቅምሻ ግን መጠጡ ጉዳት እንደሌለው የሚሰጥ ምስክርነት ነው። የዚህ ቤት ጠጅ ከዚያኛው ቤት ይሻል እንደሆነ አይዳኝም። ስመ ስውር ቅምሻ የሚያስፈልገው ለማወዳደር ሲፈለግ ነው።

ስሙንና መልኩን መሰወር ለምን አስፈለገ? ምላስ ብቻዋን ስለማትፈርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ቦርዶ ውስጥ የወይን ጠጅ ሙያ ለሚማሩ 54 ተማሪዎች ነጭ ወይን ጠጅ ሽታ በሌለው ማቅለሚያ ቀይ ተደርጎ ቀረበላቸው። ተማሪዎቹም ጠረኑን የገለጹት በአብዛኛው ለቀይ ወይን ጠጅ በሚነገሩት ቃላት ነበር። ሙያውን የሚማሩ ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም ዓይናቸው ከአፍንጫቸው ቀደመ።

በአገራችን የአሠራሩን ጥቅም በጉልህ ያሳየው ቡና ነው። «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው ዓለም አቀፍ የቡና ውድድር በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲካሄድ ከ1,400 በላይ ናሙናዎች ቀረቡ። ዳኞቹ የሚያዩት ሲኒውንና ቁጥሩን እንጂ የባለቤቱን ስም አልነበረም። አንደኛ የወጣው የሲዳማው ገበሬ የንጉሤ ገመዳ ቡና ሆነ፤ በጨረታውም አንዱ ፓውንድ፣ ማለትም 450 ግራም ገደማ፣ በ407 ዶላር ተሸጠ። ዳኞቹ የሚያውቋቸውን ስሞች እያዩ ቢፈርዱ ኖሮ ያን ቡና በዚያ ልክ ለመለየታቸው ማን ዋስ ይሆናል?

በጎጃም፣ ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢው ሰው አሠራሩ ይበልጥ የሚጠቅመው በማር ገበያ ላይ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ማር ሻጭ «የጎጃም ነው» ካለ ገዢው ግማሽ ልቡን ሰጥቷል። ይህ ስም የብዙ ትውልድ ንብ አናቢዎች ልፋት ያመጣው ሀብት ነው። ግን ስኳር የቀላቀለውም ነጋዴ በዚያው ስም ይጠለላል። በጎጃም ማር መካከል ያለው ልዩነትም በአንድ ስም ተሸፍኖ ይቀራል። ከክረምት ማብቂያ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው የመችና የኑግ ማር ወርቅማ ቢጫ ነው፤ ቶሎም ይረጋል። ግራዋ የበዛበት ጠቆር፣ መረር ይላል። ገዢው ግን ብዙ ጊዜ ነጩን ንጹሕ፣ የረጋውን ደግሞ «ስኳር አለበት» ይላል። ማር የሚረጋው በተፈጥሮው ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ከውሃው አንጻር ሲበዛበት ነው፤ መርጋቱ ብቻውን የማጭበርበር ማስረጃ አይሆንም። በዚህ ፍርድ ስንት ጥሩ ማር ዋጋው ወርዷል!

አሠራሩ ከባድ አይደለም። አንድ ሰው አራት ወይም አምስት ዓይነት ማር አንድ ዓይነት በሆኑ፣ ቀለም በማያሳዩ ሲኒዎች ይቀዳል። ሲኒዎቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ መሰየም አይገባም፤ «አንድ» ሲባል ቀማሹ ሳያስበው የበላጭነት ደረጃ ይሰጠዋል። ስለዚህ እንደ 417 ወይም 862 ያለ በዘፈቀደ የተመረጠ ባለሦስት አኃዝ ቁጥር ይለጠፍባቸዋል። የቀዳው ሰው አያቀርብም፤ የትኛው ቁጥር የማን ማር እንደሆነ የማያውቅ ሌላ ሰው ያቀርባል፤ አለዚያ የቀጂው ፊት ብቻውን ይናገራል። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ብርዳማ ደጋ ማሩ አስቀድሞ ቤት ውስጥ ቆይቶ ብርዱ ሊለቀው ይገባል፤ የቀዘቀዘ ማር ጠረኑን አይሰጥም።

ቀማሹ መጀመሪያ ያሸታል። ከዚያ አፍንጫውን ይዞ ጥቂት ማር ምላሱ ላይ ያቀልጣል። በዚያ ጊዜ የሚሰማው ጣፋጭነት፣ ምናልባትም ጥቂት ምሬት ወይም ኮምጣጣነት ብቻ ነው። አፍንጫውን ሲለቅ የአበባው ጠረን በጉሮሮው በኩል ወደ አፍንጫው ይወጣል፤ አንዱን ማር ከሌላው የሚለየው በዋናነት ይኸው ነው። በሁለት ሲኒ መካከል ለብ ያለ ውሃና የዳቦ ቁራሽ አፍ ያጠራል። ያገኘውንም ከሌሎቹ ቀማሾች ጋር ሳይነጋገር ይጽፋል።

ቀማሹም ይፈተናል። አንዱን ማር በሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አቅርቡለት፤ ለአንዱ ዘጠኝ፣ ለሌላው አራት ከሰጠ ፍርዱ አያስተማምንም። ወይም ሁለቱ አንድ ዓይነት የሆኑ ሦስት ሲኒዎች አቅርቡለትና ልዩውን ያውጣ። በግምት ብቻ ከሦስት አንዴ ስለሚገኝ ፈተናውን ደጋግሙት።

ስመ ስውር ቅምሻ ሁሉን አይፈታም። የማርን ጥራት እንጂ ንጽሕናውን አያረጋግጥም፤ በብልሃት የተቀላቀለ ስኳር የሠለጠነ ምላስንም ሊያልፍ ይችላል። ያ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ፣ የማር ውሃ በጥቅሉ ከ20 በመቶ፣ ሱክሮስ የሚባለው ስኳር ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ሁለቱ ምርመራዎች ተደጋግፈው መሄድ አለባቸው።

የንብ አናቢ ማኅበራት ማራቸውን ወደ ትልቅ ገበያ ከመላካቸው በፊት እርስ በርስ እንዲህ ቢቀማመሱ ብዙ ያተርፋሉ። የትኛው ቀበሌ፣ የትኛው አበባና የትኛው ወር ምን ዓይነት ማር እንደሚሰጥ በራሳቸው መዝገብ ይይዛሉ፤ በዕቃው ላይም ይጽፉታል። ያን ጊዜ «የጎጃም ማር» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ለገዢው በዝርዝር ማስረዳት፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ መጠየቅ ይችላሉ።