ከጎንቾ እስከ ሸዋ ሮቢት፦ የመንግሥት ጥይትና ተጠያቂነቱ በይፋት ቆላ

ይፋት ከአንኮበርና ከጣርማ በር ጋራ ሥር ተነሥቶ ወደ አዋሽ የሚወርድ ቆላ ነው። አማራ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞና አፋር ይጎራበቱበታል። ከባሕር ጠረፍ ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ ለዘመናት አልፎበታል። ዛሬ ዋናው መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚዘልቀው አስፋልት ነው፤ ሸዋ ሮቢት በዚሁ መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በቀወት ወረዳ ትገኛለች። አካባቢው በሽንኩርትና በማሽላ ይታወቃል፤ በቀረው የኢትዮጵያ ክፍል ግን የከተማዋ ስም ቶሎ የሚነሣው ከማረሚያ ቤቷ ጋር ነው። መንገድ ባለበት ገበያ አለ፤ ገበያ ባለበት ቀረጥ፣ ቀረጥ ባለበትም መሣሪያ የያዘ የመንግሥት ሰው። ያ ሰው ነፍስ ሲያጠፋ ማን ይጠይቀዋል የሚለው ጥያቄ በይፋት ከፖሊስ ይቀድማል።

በጥንቱ የሸዋ ሥርዓት ነፍስ ማጥፋት በመጀመሪያ የሟች ወገን ጉዳይ ነበር። ገዳዩ ተይዞ ችሎት ፊት ይቆማል፤ ከተፈረደበት በኋላ የሟች ዘመዶች ሞቱን ይጠይቃሉ ወይም ጉማ (የደም ካሣ) ተቀብለው ይለቁታል። ገዳዩ ካልታወቀ የአገሩ ሰው ለአፈርሳታ ይሰበሰባል፤ በደለኛውን እስኪያወጣ ድረስም እየዋለ ይመላለሳል፤ ካላወጣ ጉዳቱን በጋራ ይከፍላል። ከመንግሥት ችሎት ውጭ ደግሞ አበጋሮችና የአገር ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። በወሎ ዳርና በይፋት ቆላ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚሰማቸው እነዚህ ሰዎች ደም ለማድረቅ ሲቀመጡ አስቀድመው የሚጠይቁት የገዳዩን ማንነት ነው። የገዳይ ወገን «ልጃችን ነው ያደረገው» ብሎ ካላመነ ዕርቅ የለም። ስም የሌለው ገዳይ ደሙን በመንደሩ ሁሉ ላይ ስለሚያስቀረው ማመኑ የካሣው ግማሽ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሥርዓት ሁለት ወገን ይፈልጋል። አንዱ ወገን ቤተ መንግሥት ሲሆን ሽማግሌው የሚያስቀምጠው ተከራካሪ ያጣል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1805–1839 ዓ.ም.) ይፋትን የሚያስተዳድረው ወላስማ መሐመድ ነበር። ስሙ ከጥንቱ የይፋት ሱልጣኖች የወረደ ሲሆን የቆላውን በር፣ የነጋዴውን ቀረጥና የመንግሥቱን እስር ቤት አንድ ላይ የያዘ ሰው ነው። ጎንቾ የሚባለው ምሽጉ የንጉሡ እስረኞች የሚከማቹበት ነበር። ከ1833 ዓ.ም. ጀምሮ በሸዋ የተቀመጠው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ በመጽሐፉ እንደተረከው፣ የንጉሡ የገዛ ዘመዶች ሳይቀሩ ዙፋን እንዳይመኙ በዚያ በሰንሰለት ይኖሩ ነበር፤ በመጨረሻም በንጉሡ ፈቃድ ተፈቱ። ያሰራቸውም የፈታቸውም አንድ ሰው ነው። ወላስማው በእጁ ስላሉት ሰዎች ሕይወት የሚመልሰው ለንጉሡ ብቻ ሲሆን፣ ንጉሡ ካልጠየቀው ጠያቂ አልነበረውም። ተጠያቂነት ወደ ላይ ብቻ የሚሄድበት ይህ ልማድ ከጎንቾ ምሽግ ዕድሜ እጅግ የረዘመ ዕድሜ አግኝቷል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በገጠሩ ሕግ የሚያስከብረው ጭቃ ሹሙ፣ ባላባቱና ሽፍታ ለማሳደድ የሚጠራው ነጭ ለባሽ ነበር። ነጭ ለባሹ መደበኛ ደመወዝም ሥልጠናም የሌለው የአገሬው ታጣቂ ነው፤ ያገሩን ሽፍታ ሲገድል ደሙ በመንግሥት ይቁጠር ወይስ በራሱ ላይ የሚለው ግልጽ አልነበረም። የጣሊያን ወረራ (1928–1933 ዓ.ም.) ነገሩን አባባሰው። ወራሪው በሰሜን ሸዋ ያገኘውን የጎሳና የሃይማኖት ልዩነት እያሰፋ አንዱን በሌላው ላይ አስታጠቀ፤ የይፋትን ታሪክ በሰፊው ያጠኑት አሕመድ ሐሰን ዑመር ይህን በዝርዝር አሳይተዋል። ከነፃነት በኋላ በቆላው የቀረው ጠብመንጃ ብዙ ነበር፤ ቂሙም እንዲሁ።

ዘመናዊው ፖሊስ በሕግ የቆመው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 6 ነው። ከዚያ በኋላ ሕጉ በፍጥነት ተሟላ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የመንግሥት ሥራ የሚሠራ ሰው ከቅጣት ነፃ የሚሆነው ሕግ በፈቀደለት ወሰን ውስጥ ሲቆይ ብቻ መሆኑን ደነገገ። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 56 ተያዡ በኃይል ሲቃወም ወይም ሊያመልጥ ሲሞክር ፖሊስ ለሁኔታው ተመጣጣኝ በሆነ መንገድ ሁሉ እንዲጠቀም ፈቀደ። ተመጣጣኝ የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ተጭኖበታል፦ ሕጉ መቼ ለመግደል እንደሚተኮስ፣ ከተተኮሰ በኋላ ማን እንደሚመረምር አይዘረዝርም። መለኪያው በጽሑፍ ኖረ፤ ለኪው ግን የተኳሹ አለቃ ሆኖ ቀረ።

ደርግ ይህንንም ወሰን አነሣው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 የቀድሞ ባለሥልጣናትና ሌሎች ሰዎች ያለ ፍርድ በጥይት ተገደሉ። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በተፋፋመው ቀይ ሽብር «ነፃ እርምጃ» የሚባለው ሥልጣን ለቀበሌ አብዮት ጥበቃ ሳይቀር ተሰጠ፦ ያለ ክስ፣ ያለ ምስክር፣ ያለ ዳኛ መግደል። ገዳዩ መደበቅ አላስፈለገውም፤ የሟች ቤተሰብ ለቅሶ መቀመጥ እንኳ የተከለከለበት ጊዜ ነበር። ይህን ደም የጠየቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ነው። 5,198 ሰዎችን ከሰሰ፤ በአፍሪካ አንድ መንግሥት የቀዳሚውን ሹማምንት በገዛ አገሩ ፍርድ ቤት እንዲህ በብዛት ያቆመበት ጊዜ ጥቂት ነው። የከፍተኛ ባለሥልጣናቱ ጥፋተኝነት የተወሰነው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ሲሆን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ተፈረደባቸው። ሥራው ትልቅ ነበር፤ ተጠያቂነት የሚመጣው መንግሥት ሲወድቅ ነው የሚለውን ትምህርት ግን አልሻረም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነገሩን ለመለወጥ የሚያስችል ቃል ይዞ መጣ። አንቀጽ 15 በሕይወት የመኖርን መብት ያረጋግጣል፤ አንቀጽ 28 ያለ ፍርድ መግደልን፣ ሰው መሰወርንና ጭካኔ የተሞላበትን ድብደባ በይርጋ ከማይታገዱና ይቅርታ ከማይደረግላቸው ወንጀሎች ይቆጥራል። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 424 ተጠርጣሪን ወይም እስረኛን የሚያሠቃይ ባለሥልጣን እንዲቀጣ ያዛል፤ ትእዛዝ የሰጠውንም አይተውም። ሕግ አጥቶ የተበደለ ሰው በዚህ ዘመን የለም ቢባል ማጋነን አይደለም። የጎደለው ሌላ ነው፤ ያም ገና በሕጉ የመጀመሪያ ወራት ታየ።

ሰኔ 1 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ እንደገናም ከጥቅምት 22 ቀን 1998 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የግንቦት 1997ቱን ምርጫ ውጤት በመቃወም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በተነሣው ሁከት የጸጥታ ኃይሎች በሰልፈኞች ላይ ተኮሱ። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በጭነት መኪና እየተጫኑ ወደ ደዴሳ፣ ወደ ዝዋይና ወደ ሸዋ ሮቢት ተወሰዱ። የይፋት ከተማ ስም በብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ዘንድ የጭንቀት ስም የሆነው ያኔ ነው፤ ልጁ ከሬሳ መካከል ያልተገኘ ወላጅ «ሸዋ ሮቢት ይሆናል» በሚል ተስፋ ስንቅ ይዞ ወረደ።

ፓርላማው በአዋጅ ቁጥር 478/1998 አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። የቀረበለት ጥያቄ በቀጥታ የ1954ቱ ቃል ነበር፦ የጸጥታ ኃይሎች የተጠቀሙበት ኃይል ተመጣጣኝ ነበር ወይስ አልነበረም? የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ዳኛ ወልደ ሚካኤል መሸሻ ከአገር ከወጡ በኋላ እንደገለጹት፣ አባላቱ 8 ለ 2 በሆነ ድምፅ ኃይሉ ከመጠን ያለፈ ነበር ብለው ወስነው ነበር። 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸው ተመዝግቧል፤ በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ብቻ 17 እስረኞች በጠባቂዎች ተገድለዋል። ሰብሳቢው ከሰልፈኞቹ መካከል ጠብመንጃ ወይም የእጅ ቦምብ የያዘ አንድም ሰው እንዳልተገኘ ተናግረዋል። በ1999 ዓ.ም. ጥቅምት ለፓርላማ የቀረበው የመጨረሻ ሪፖርት የሟቾቹን ቁጥር ሳይለውጥ ኃይሉ አስፈላጊና ሕጋዊ ነበር ብሎ ደመደመ። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ፍርዱ ሁለት መሆኑ የዚህ ታሪክ ቁልፍ ነው። ሟቾቹ ተቆጥረዋል፤ የተኮሱት ግን በስም አልተጠሩም። አበጋር ፊት ቢሆን ጉዳዩ ገና አልተጀመረም ይባል ነበር።

ሸዋ ሮቢት ዳግመኛ በአገር ደረጃ የተነሣችው ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ከተቃጠለ በኋላ ነው። መንግሥት 23 እስረኞች መሞታቸውን፣ 21ዱ በጭስና በመረጋገጥ፣ 2ቱ ሊያመልጡ ሲሉ በጥይት መሆኑን አስታወቀ። የተረፉት ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ዝዋይ ተዛወሩ። ቃጠሎውን አስነሥተዋል ተብለው የተከሰሱት 38 እስረኞች ነበሩ፤ ከጠባቂዎቹ በኩል በተኩሱ የተከሰሰ በዚያ መዝገብ ላይ አልነበረም። ተከሳሾቹ በሸዋ ሮቢት ተሠቃይተው ቃል እንደሰጡ ለፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አመለከቱ፤ አንዳንዶቹ ጠባሳቸውን በችሎት ገልጠው አሳዩ። ፍርድ ቤቱ ያዘዘው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማጣራትም በእስረኞች አካል ላይ የጉዳት ምልክት አገኘ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፦ እስረኛ ሸሚዙን ከፍቶ ዳኛን «እይ» ያለበት፣ ዳኛውም እንዲጣራ ያዘዘበት ቀን ነው። ምልክቱ ቢገኝም ያደረሱት ሰዎች ወዲያው ተከሳሽ አልሆኑም።

ተጠርጣሪዎች የተያዙት የአገሪቱ መሪ ሲለወጥ ነው። ሰኔ 27 ቀን 2010 ዓ.ም. 5 የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኃላፊዎች የእስረኞችን መብት ባለማክበር ከሥራ ተነሡ። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ጸጋዬ በሰብአዊ መብት ጥሰት የተጠረጠሩ 36 የደኅንነት፣ የፖሊስና የማረሚያ ቤት ሰዎች መያዛቸውን ገለጹ። በ1984ቱ እንደሆነው ሁሉ፣ ጠያቂው የመጣው የተጠያቂው ጌታ ሥልጣን ከለቀቀ በኋላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይፋት ራሱ የደም ሜዳ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬ፣ በካራቆሬ፣ በማጀቴ፣ በሸዋ ሮቢትና በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን አጎራባች ወረዳዎች ሰዎች ተገደሉ፣ ከተሞች ተቃጠሉ። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በመጋቢቱ ብቻ ከ300 በላይ ሰዎች መሞታቸውን አሳወቀ፤ አካባቢው በሚያዝያ በኮማንድ ፖስት ሥር ገባ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን ደረሰ። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለ10 ወራት ጸንቷል። በእነዚህ ዓመታት በአንድ ቀበሌ ውስጥ የክልል ፖሊስ፣ እስከ 2015 ዓ.ም. ልዩ ኃይል፣ ሚሊሻ፣ ፌዴራል ፖሊስና መከላከያ ታይተዋል። እያንዳንዱ የየራሱ አለቃ አለው። ቤቱ ፊት ልጁ የተገደለበት ገበሬ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የደንብ ልብሱን ዓይነት ነው፤ አቤቱታውን የሚቀበለው ጽሕፈት ቤት የሚለየው በዚያ ነውና።

የጎደለው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ1990 እ.ኤ.አ. ሃቫና ላይ ያጸደቀው መርሕ ለመግደል መተኮስ የሚፈቀደው ሕይወት ለማትረፍ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ መሆኑን፣ እያንዳንዱ ሞት ወዲያው ሪፖርት ተደርጎ በገለልተኛ አካል መታየት እንዳለበት ይናገራል። ኬንያ በ2011 እ.ኤ.አ. ፖሊስን ብቻ የሚመረምር ነፃ ባለሥልጣን በሕግ አቋቁማለች፤ ደቡብ አፍሪካም በፖሊስ እጅ የሚደርስን ሞት ሁሉ የመመርመር ግዴታ ያለበት ዳይሬክቶሬት አላት። ሁለቱም አገሮች ከፖሊስ ጥይት አልዳኑም፤ የሟች እናት አቤት የምትልበት፣ የገዳዩ ባልደረባ ያልተቀመጠበት ደጅ ግን አላት። በኢትዮጵያ ፖሊስ የገደለውን የሚመረምረው በአመዛኙ ፖሊስ ነው። በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመው የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ያጣራል፣ ያሳስባል፣ ሪፖርት ያወጣል፤ መክሰስ አይችልም።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ችሎት እንዲቋቋም ይደነግጋል። እነዚህ ተቋማት ለይፋት ሟቾች የሚጠቅሙት ዛሬ በሥራ ላይ ያለን ታጣቂና አዛዥ በስም መጥራት ከቻሉ ነው። የቀድሞውን ብቻ የሚጠይቁ ከሆነ ከ1984ቱ ልዩ ዐቃቤ ሕግ የሚለያቸው ነገር አይኖርም።