ስለ ማክሲም ቤሬዞቭስኪ አሟሟት የተነገረውና መዝገቡ የሚለው

በመጋቢት 1777 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሩሲያ ዋና ከተማ በሴንት ፒተርስበርግ አንድ የቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ አረፈ። መቀበሪያ ገንዘብ ስላልነበረው ሊከፈለው የሚገባው ደመወዝ ለአንድ የቤተ መንግሥት ዘማሪ ተሰጥቶ በዚያው ገንዘብ ተቀበረ። ሟቹ ዩክሬናዊው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ደራሲ ማክሲም ቤሬዞቭስኪ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን "ራሱን ገደለ" የሚል ወሬ ስሙን ተከተለው። ወሬው ከመዝሙሮቹ ይበልጥ ታወቀ።

ቤሬዞቭስኪ በ1740ዎቹ ገደማ በዩክሬን ኮሳኮች መዲና በህሉኪቭ እንደተወለደ በትውፊት ይነገራል። በዚያች ከተማ በ1738 ለቤተ መንግሥቱ ዘማሪዎችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ተከፍቶ ስለነበር፣ ድምፀ መልካም የሆኑ የዩክሬን ልጆች ወደ ሰሜን ይወሰዱ ነበር። ስለ ልጅነቱ ከዚህ የዘለለ የተጻፈ ነገር እምብዛም ነው። በመዝገብ የሚገኘው ከ1758 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት ኦራኒየንባውም በሚገኘው የአልጋ ወራሹ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥት በዘማሪነት ተቀጠረ፤ በጣልያን ኦፔራዎችም ዘፈነ። በ1763 የዚያው ቤተ መንግሥት ተወዛዋዥ የነበረች ሴት አገባ።

በ1769 ወደ ጣልያን ተላከ። ቦሎኛ ከተማ ውስጥ የዘመኑ የሙዚቃ ሊቃውንት ሁሉ በሚያከብሩት በአባ ማርቲኒ ዙሪያ ተማረ። የከተማይቱ የሙዚቃ አካዳሚ አባልነት በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም፤ ተፈታኙ በተሰጠው ዜማ ላይ ሌሎች ድምፆችን በጥብቅ ሕግ አስማምቶ መጻፍ ነበረበት። ሞዛርት በ14 ዓመቱ ይህን ፈተና በ1770 ወስዷል። ቤሬዞቭስኪ ደግሞ ከቦሄሚያው የሙዚቃ ደራሲ ሚስሊቬቼክ ጋር ግንቦት 15 ቀን 1771 ፈተናውን አለፈ። በ1773 "ዴሞፎንቴ" የተባለው ኦፔራው ሊቮርኖ ከተማ ላይ ታየ፤ በዚያው ዓመትም ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመለሰ።

ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሲተረክ የኖረው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ ከጣልያን በክብር የተመለሰው ሊቅ በአገሩ ቦታ አጣ፤ ተናቀ፤ ተስፋ ቆርጦም ሕይወቱን አጠፋ። ይህን በጽሑፍ ካሰፈሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ፣ በኋላ የኪየቭ ሜትሮፖሊታን የሆኑት ኢቭጌኒ ቦልሆቪቲኖቭ ናቸው። ጊዜው 1805 ነበር፤ ሟቹ ካረፈ 28 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ1840ዎቹ ደራሲው ኔስቶር ኩኮልኒክ ወሬውን ልብ ወለድ አደረገው፤ መድረክም ላይ ወጣ። የፊልም ዳይሬክተሩ ታርኮቭስኪ በ1983 በሠራው "ኖስታልጊያ" ፊልም ውስጥ ያለው ሶስኖቭስኪ የተባለው ሙዚቀኛም በዚሁ ሰው አምሳል የተቀረጸ ነው፤ እሱም ከጣልያን ተመልሶ ራሱን ያጠፋል።

የሙዚቃ ታሪክ ተመራማሪዋ ማሪና ሪትሳሬቫ ግን ልብ ወለዱን ትታ ወደ ቤተ መዛግብቱ ሄደች። ያገኘችው ከተለመደው ትረካ ጋር አይገጥምም። ቤሬዞቭስኪ ሥራ አላጣም፤ በ1774 በቤተ መንግሥቱ የዘማሪዎች ጓድ ሹመት ተሰጥቶት ነበር። ራሱን ስለ መግደሉም የዘመኑ ሰነድ አይመሰክርም። ድንገተኛ ትኩሳት ወስዶት ሊሆን ይችላል የምትለው ለዚህ ነው። ድህነቱ እውነት ነው፤ የቀብሩ ወጪ ራሱ ይመሰክራል። ድሀ ሆኖ መሞት ግን ራስን መግደል አይደለም። ራሱን ያጠፋ ሰው ጸሎተ ፍትሐት በሚከለከልበት እምነት ውስጥ ላደገና ለኖረ ዘማሪ፣ እንዲህ ያለውን ቃል ያለ ማስረጃ በስሙ ላይ መለጠፍ ከባድ በደል ነው።

ከሥራዎቹ ብዙው ጠፍቷል። ከተረፉት ሁሉ የገነነው ከመዝሙረ ዳዊት 70ኛው (በሌላው አቆጣጠር 71ኛው) ላይ የጻፈው፣ በእርጅና ጊዜ እንዳይጣል የሚማጸን ሰው መዝሙር ነው። የእኛ ሊቃውንት በከበሮና በጸናጽል ያመሰግናሉ፤ በምሥራቅ ስላቮች ቤተ ክርስቲያን ግን የሙዚቃ መሣሪያ ስለማይገባ ልመናውን የሚሸከመው የሰው ድምፅ ብቻ ነው። አራቱ ድምፆች ዝግ ብለው ይጀምሩና መጨረሻ ላይ አንዱን ዜማ እየተቀባበሉ በኃይል ያሳርጉታል። የጣልያንን ጥበብ ከአባቶቹ ጸሎት ጋር ያዋሐደው በዚህ ነው። ከሱ በኋላ የመጣው የህሉኪቭ ልጅ፣ የመዝሙር ደራሲው ቦርትኒያንስኪም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ለሩሲያ ድንበር ቅርብ የሆነችው ህሉኪቭ ከ2022 ወዲህ በሩሲያና በዩክሬን ጦርነት ድብደባ ሲደርስባት ቆይቷል። ዩክሬናውያንም ዛሬ በሩሲያ ስም ሲጠሩ የኖሩ ሊቃውንቶቻቸውን የኛ ናቸው እያሉ ነው። ቤሬዞቭስኪን ማስመለስ ግን የትውልድ አገሩን ስም በማስተካከል ብቻ አይፈጸምም፤ ያልተረጋገጠው የአሟሟቱ ወሬም ከስሙ ላይ መነሳት አለበት። አንባቢም ስለ ሞቱ ከተነገረው ሁሉ አስቀድሞ መዝሙሩን ይስማ።