የትምህርት ማስረጃ፣ የብቃት ማረጋገጫ እና የሙያ ፈቃድ

የትምህርት ማስረጃ፣ የብቃት ማረጋገጫ እና የሙያ ፈቃድ በኢትዮጵያ አንድ ባለሙያ የሚጠየቃቸው ሦስት የተለያዩ ሰነዶች ናቸው። በንግግር አንዱ በሌላው ስም ሲጠራ ይሰማል፤ ሰጪያቸውና የሚያስገኙት መብት ግን ይለያያል።

የትምህርት ማስረጃ (ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ) ሰውየው መማሩንና ማጠናቀቁን ያሳያል። የሚሰጠው ያስተማረው ተቋም ሲሆን፣ እድሳት የለውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ከዚሁ ጋር የሚቆጠር ነው፤ ፈተናውን ማለፍ ያስመርቃል እንጂ የሥራ ፈቃድ አይሆንም።

የብቃት ማረጋገጫ፣ በተለምዶ «ሲኦሲ»፣ በቴክኒክና ሙያ ዘርፍ የሚሰጥ ነው። ተመዛኙ በጽሑፍና በተግባር ይፈተናል፤ መዛኙ ያሠለጠነው ኮሌጅ ሳይሆን ሌላ አካል ነው። ስለዚህ ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ኮሌጅ የተመረቀ ሠልጣኝ በምዘናው ሊወድቅ ይችላል። በአንጻሩ ሙያውን ከአባቱ የተማረ የዱርቤቴ አናጺ ወይም ግንበኛ ኮሌጅ ሳይገባ በልምዱ ተመዝኖ ወረቀቱን ሊይዝ ይችላል። ይህ መንገድ መኖሩን ብዙዎች አያውቁም።

የሙያ ፈቃድ ግን መንግሥት «ሥራ» ብሎ የሚሰጠው መብት ነው፤ በየጊዜው ይታደሳል፣ በጥፋት ይታገዳል ወይም ይሰረዛል። ፈቃዱ የተሰረዘበት ሐኪም ዲግሪው በእጁ ቢቀርም ማከም አይችልም። ያለ ፈቃድ ማከም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ዲግሪ ተመራቂዎች ፈቃድ ለማግኘት የጤና ሚኒስቴርን የምዘና ፈተና ማለፍ አለባቸው። በሕግ የተመረቀም እንዲሁ ወዲያው ጠበቃ አይባልም፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለሚቆሙ ጠበቆች ፈቃድ አሰጣጡን የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው።

ግራ መጋባቱ የሚብሰው በመድኃኒት ሥራ ነው። በዱርቤቴ መድኃኒት መደብር መክፈት የሚፈልግ የቴክኒክና ሙያ ምሩቅ በመጀመሪያ ዲፕሎማውንና ሲኦሲውን ይዞ የግል የሙያ ፈቃድ ያወጣል። ቀጥሎ ቤቱ፣ መደርደሪያውና የመድኃኒት አያያዙ ታይቶ ለመደብሩ የሚሰጥ ሌላ ሰነድ አለ። ይህም «የብቃት ማረጋገጫ» ይባላል፤ ስሙ ከሲኦሲ ጋር ቢመሳሰልም ለድርጅቱ እንጂ ለሰውየው የተሰጠ አይደለም። የንግድ ፈቃድ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። የንግድ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ራሱ ባለሙያ ካልሆነ ፈቃድ ያለው ባለሙያ መቅጠር ይኖርበታል።

የልብስ ስፌት፣ የአናጺነትና የመሳሰሉት ሙያዎች የግል የሙያ ፈቃድ አይጠየቅባቸውም። ለእነዚህ ሲኦሲ የሚጠቅመው በአብዛኛው ለቅጥርና ለደረጃ እድገት ነው፤ በገበያ ቀን ለሰፊው ልብሱን የሚሰጥ ደንበኛ ወረቀት አይጠይቅም።